ፀሐይ ሳይጠልቅ፦ የሦስተኛው ወር ማስታወሻዬ

ሰላም የጥናት ጓደኞቼ። በገባሁት ቃል መሠረት ሦስተኛውን ወር ይዤላችሁ መጣሁ። አዲስ ለሆናችሁ፦ በየወሩ አንድ ጥቅስ እይዛለሁ፣ ወሩን ሙሉ በሱ ለመኖር እሞክራለሁ፣ ማታ ማታ የሆነውን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የግንቦቱ ኤፌሶን 4፥26 ነበር። «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ።»

የመረጥኩት ስለቸገረኝ ነው። ግንቦት ድሬዳዋን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ውስጥ ያለችው ሱቄ ቆርቆሮ ናት፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ትጋገራለች፣ ደንበኛ አሥር ድሪያ (ስስ የሴቶች ቀሚስ) አስዘርግቶ ምንም ሳይገዛ ይወጣል፣ እኔም ቱግ እላለሁ። ከዚያ ንዴቱን ይዤ ቤት እገባና ልጆቼ ላይ አራግፈዋለሁ።

የመጀመሪያውን ሳምንት በስህተት ነው የኖርኩት። ጥቅሱን «አትቆጡ» ብዬ ነበር የተረዳሁት። ዋጥ አደረግሁ፣ ፈገግ አልኩ፣ ውስጤ ግን ይፈላ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጎረቤቴ ዕቃዋን እኔ በር ላይ ስትደረድር የሳምንቱ ሁሉ በሷ ላይ ወጣ። ገበያው እስኪሰማ ጮህኩባት። «አቦ ተይኝ!» ብላ ፊቷን አዞረች።

ያን ቀን ማታ ምዕራፉን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ቁጥር 25 ውሸትን ትታችሁ እውነትን ተነጋገሩ ይላል። ቁጥር 27 ደግሞ ለዲያብሎስ ፈንታ አትስጡት ይላል። «ተቆጡ» የሚለው ቃል ራሱ መዝሙር 4 ላይ አለ፤ ዳዊት እዚያ «በመኝታችሁ ሳላችሁ በልባችሁ አስቡ፥ ዝም በሉ» ይልና መዝሙሩን «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» ብሎ ይጨርሳል። ቁጣው ተፈቅዷል ማለት ነው። ማደሩ ነው የተከለከለው። እኔ እኮ ለዓመታት የማደርገው ተቃራኒውን ነበር፤ ቁጣዬን ደብቄ አብሬው ማደር።

ስለዚህ ስልኬ ላይ 11:30 የሚጮህ ደወል ሞላሁ። ሰዓቱ ለድሬ ሰው ይመቻል። ሙቀቱ ሰበር ይላል፣ ነፋሱ ይመጣል፣ ሰው በረንዳ ላይ ይወጣል፣ ቀን ላይ ያበደ ሰው ያኔ ይረጋጋል። በማግስቱ ደወሉ ሲጮህ ጎረቤቴ ሱቋን ሳትዘጋ ሄድኩ። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን «ትናንት የጮህኩብሽ ጥፋት ነው፣ በሬ መዘጋቱ ግን አስቸግሮኛል» የሚል ብቻ ነው። እሷ ሙስሊም ናት። ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ከመግሪብ በፊት መምጣትሽ ጥሩ ነው፣ ትናንት አንቺን ተቀይሜ መስገድ ከብዶኝ ነበር።» እኔ ፀሐይ ሳትገባ ብዬ እሮጣለሁ፣ እሷም ለራሷ ያንኑ ሰዓት ትጠብቃለች። አለቀስኩ። ዕቃዋንም ወዲያው አነሳችው።

ደብተሬ ላይ በወሩ 11 ቁጣ ተጽፏል። 7ቱ ፀሐይ ሳትገባ አልቀዋል። 3ቱ ከባለቤቴ ጋር ሆነው አድረዋል፣ ምክንያቱም እሱ የሚገባው ማታ ነው፤ ለእነሱ ቢያንስ ከመተኛታችን በፊት አንድ እውነተኛ ቃል ለመነጋገር ተስማምተናል። እየሠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። የተደበደበችን ሴት በዚህ ጥቅስ «ፀሐይ ሳትገባ ታረቂው» የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። ያው ምዕራፍ ቁጥር 31 ላይ ንዴትም ጩኸትም መሳደብም ከክፋት ሁሉ ጋር ይወገድ ይላል፤ ይህ መጀመሪያ የሚመለከተው የሚመታውን ነው። እባካችሁ ጥቅሱን በተጎዳ ሰው ላይ አትጫኑት።

የቀረችው 11ኛዋ ናት። ሐረር ያለው ወንድም ጋሼ ገንዘብ ከተበደረኝ ሁለት ዓመት አለፈ፤ በዚያ ቁጣ ላይ ስንት ፀሐይ እንደገባ ቁጠሩት። ለእናቴ ነግሬያለሁ፣ ለእህቶቼ ነግሬያለሁ፣ ለሱ ብቻ አልነገርኩም። ታላቅን ፊት ለፊት መናገር በእኛ ቤት ነውር ነው። ማቴዎስ 18፥15 ግን «ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል፣ እኔ ደግሞ ከእሱ በቀር ለሁሉም ነው የወቀስኩት። የሰኔ ጥቅሴ እሱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ይዤ በደንገጎ ዳገት ሽቅብ ወደ ሐረር እወጣለሁ። በፊት ግን ለእናቴ ደውዬ ስሙን ስላነሳሁት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጸልዩልኝ፣ የሆነውን ሰኞ እጽፋለሁ።