ዘጠኝ ዓመት የለመንኩት ከሰዓት በኋላ

ስብሐት ለእግዚአብሔር። የቁልቢው ቅዱስ ገብርኤል ለቤቴ ያደረገውን ለመመስከር ቃል ስለገባሁ እነሆ እጽፋለሁ።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው የከሰዓት በኋላዋን ፀሐይ ያውቃል። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ወንዱ ወደ ጫት መቃሚያው ይሄዳል። ባለቤቴ አናጢ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳውን ፈጠን ፈጠን አድርጎ ጎርሶ ወደዚያው ይወጣ ነበር፤ የሚመለሰው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ነገር ግን ልጆቼ አባታቸውን የሚያውቁት ከጀርባው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የቺኩንጉንያ በሽታ ከተማውን ሲያጠቃ እንኳ፣ መገጣጠሚያው እየጠዘጠዘው እያነከሰ ወደዚያው ይሄድ ነበር። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ገብርኤል ሆይ፣ ከቀትር በኋላ ቤቱን አሳየው» እያልኩ ለመንኩ። ከሰማኸኝ ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ ብዬም ተሳልኩ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መቃሚያ ቤቱም በሩን ዘጋ። በሽታው ለእኔ ስለት መልስ ሆኖ መጣ አልልም። እንዲህ ማለት ድፍረት ነው፤ ስንቱ ቤት በእሱ ምክንያት ጥቁር ለብሷል።

መጀመሪያማ ነገሩ ባሰ። ጫቱን ይዞ ቤት ገባ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ ቆርቆሮው በዚያ ሰዓት እንደ ምጣድ ይግላል። ልጆቹ ሲንጫጩ ይቆጣል፣ እኔም እመልሳለሁ፣ ትልቋ ልጄ ደብተሯን ይዛ ግቢ ትወጣለች። ሥራም ቀዝቅዞ ስለነበር ለጫት የሚወጣው ገንዘብ ከሽሮው ላይ የሚቀነስ ነበር። ስለቴን ለማንሳት እንኳ አፈርኩ።

በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። ቡና እየቆላሁ ቀና ስል የአምስት ዓመቱ ልጄ ከአባቱ ጎን እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ከመሬት ላይ ገራባውን፣ የተጣለውን የጫት ቅጠል፣ ለቅሞ ጉንጩን ወጥሯል፤ ክርኑን ትራስ ላይ አስደግፎ ልክ እንደ አባቱ ዓይኑን ጠበብ አድርጓል። ባለቤቴ ዞር ሲል አየው። አልጮኸበትም። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ቅጠሉን አንድ በአንድ አወጣለት፣ አፉን በውኃ አጠበው። ከዚያ የቀረውን ጫት እንዳለ ሰብስቦ ወጣና ለጎረቤት ፍየሎች በተነው። እኔ ምጣዱ ላይ ቡናው አርሮብኝ ቆሜ ቀረሁ።

የተከተሉት ሌሊቶች ግን ቀላል አልነበሩም። ጫት የተወ ሰው የሚያውቀው ዱካክ አለ፤ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ያህል እየቃዠ፣ ላብ አጥምቆት ይነቃል። ጸበል እረጨዋለሁ፣ ድርሳነ ገብርኤልን አነብለታለሁ። በሦስተኛው ሌሊት «አታቁሚ፣ አንብቢ» አለኝ። በትዳራችን ውስጥ አብረን የጸለይነው ያን ሌሊት የመጀመሪያችን ነበር።

ሚያዝያ 9 ቀን ስቅለት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን እንደ ወትሮው ተሰብስበን መስገድ ስላልቻልን ግቢያችን ውስጥ ሰሌን አነጠፍን፤ የቅዳሴው ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ይሰማል። ፀሐዩ በሚፋጅበት፣ ዘጠኝ ዓመት ባዶ በነበረው በዚያ ሰዓት፣ ባለቤቴ ከፊት ሆኖ ሰገደ። ልጆቹ ከኋላው «ኪርያላይሶን» ይሉ ነበር።

ታኅሣሥ 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ቁልቢ ወጣን። ጥላውን ልያዝልህ ብለው እምቢ አለኝ፤ ዳገቱን ራሱ ተሸክሞት ወጣ፤ ትንሹም የኮቱን ጫፍ ይዞ ይከተለው ነበር።