ዘና በል ተብዬ ወገቤን ያስቆለፍኩበት ታሪክ

ደብረ ማርቆስ ኮብልስቶን ላይ 6 ዓመት ባጃጅ ነድቶ ወገቡን ያላመመው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ባህር ዳር ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ዲስክ ነው፣ ኦፕሬሽን አያስፈልገውም ተባለ። ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ዋጥኩ፣ ጨጓራዬን አቃጠለኝ። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ "ጭንቀት ቀንስ፣ ዘና በል" አለኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። እንዴት ነው ዘና የሚባለው? እሱን ማን ይንገረኝ!

ዩቲዩብ ገባሁ። ጡንቻን እየወጠሩ መልቀቅ የሚባል አለ፣ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያመጣው ነው፣ ጀንዲ አንጥፌ ተጋደምኩና ከእግር ጣቴ ጀመርኩ፣ 5 ሰከንድ ወጠር ከዚያ ለቀቅ። ባቴ፣ ጭኔ፣ ደስ ሲል! ወገቤ ጋ ስደርስ ግን "የታመመው እሱ አይደል እንዴ፣ እሱንማ ደህና አድርጌ ነው" ብዬ ጥርሴን ነክሼ ወጠርኩት። ቆጥቆጥ ሲያደርገኝ አላቆምኩም፣ እልህ ያዘኝ፣ በዛው ቅልፍ አለ። ባለቤቴ ስትገባ ጣራ ጣራውን እያየሁ አገኘችኝ፣ "ዘና ማለት እንዲህ ነው?" ብላ ሳቀች፣ እኔም ልስቅ ስል ወጋኝ። 4 ቀን ባጃጇ ቆመች፣ የ4 ቀን ገቢ በዜሮ።

ኋላ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት "የሚያምህን ቦታ አትወጥርም፣ ዝለለው" አለችኝ። በቃ ይቺው ናት! ሐኪሙ ይቺን ቢተነፍስ ምን ይጎድልበት ነበር? እስካሁን ያናድደኛል።

ማይንድፉልነስ የሚሉትን ደግሞ፣ ሐሳብህን አሁን ባለህበት ላይ ማሳረፍ ማለት ነው፣ በራሴ መንገድ ነው የያዝኩት። ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ውስጥ በጀመረው የ8 ሳምንት ኮርስ 45 ደቂቃ ተኝተህ ሰውነትህን ከእግር እስከ ራስ በሐሳብ ታዳርሳለህ። እኔ በ10 ደቂቃ አንኮራፋለሁ። ስለዚህ ተራ ስጠብቅ እዛው ባጃጅ ውስጥ 5 ደቂቃ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ወደ ውጪ የምተነፍሰውን ረዘም አደርጋለሁ። ሕመሙን "ሄደ? ሄደ?" እያልክ ባየኸው ቁጥር ይብስብሃል፣ ሒሳብ እንደማይከፍል ተሳፋሪ ኋላ ይቀመጥ፣ አንተ መንገድህን እይ። አልጠፋም፣ ግን ሌሊት እተኛለሁ፣ ኪኒንም ቀንሻለሁ። እማዬ ጠበሉ ነው ትላለች፣ እሱንም አልተውኩም።

እግርህ ከደነዘዘ ወይ ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ግን ትንፋሽ ምናምን ትተህ በዛችው ሰዓት ሆስፒታል ሂድ።