ነገ በየት በኩል ናችሁ?

ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በርተድ ፓስ፣ ስኪ የምንወጣበት የኮሎራዶ ተራራ ማለፊያ፣ ደረስኩ። ገና በቅጡ አልነጋም። መኪና ማቆሚያው ግን ጢም ብሏል። ከአስፋልቱ ማዶ ባለው ዳገት ላይ የግንባር ባትሪዎች ተሰልፈው ሲወጡ ይታያል፤ ልክ የፋሲካ ሌሊት ጧፍ አብርቶ ከቤተክርስቲያን እንደሚወጣ ሕዝብ። ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ ቦታ አላገኘሁም። ወደ ከተማዬ ወደ አውሮራ ተመለስኩ።

እዚህ ቦታ መጀመሪያ የመጣሁት በ2014 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሌሊት ስለምሠራ ዕረፍቴ ማክሰኞ ነበር። የዚያን ቀን ስድስት መኪና ቆጠርኩ። ስንወጣ የምሰማው ትንፋሼንና ስኪው በረዶው ላይ ሲር ሲር ሲል ብቻ ነበር።

ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ስኪ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሪዞርቱ ነው። ትኬት ትቆርጣላችሁ፣ ሊፍቱ አስቀምጦ ያወጣችኋል፣ ተንሸራታችሁ ትወርዳላችሁ። ባክካንትሪ የሚሉት ሌላ ነው። ሊፍት የለም። ከስኪው ሥር ስኪን የሚባል ፀጉር ያለው ረጅም ጨርቅ ትለጥፋላችሁ። ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደ ፊት ያስኬዳል፣ ወደ ኋላ ግን አያንሸራትትም። በዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት ዳገቱን ታዘግማላችሁ። ጫፍ ስትደርሱ ስኪኑን ልጣችሁ ቦርሳ ውስጥ ትከቱና ማንም ያልነካው በረዶ ላይ ትወርዳላችሁ። ሪዞርት ውስጥ ሠራተኞች በማለዳ ተነስተው ሊናድ የሚችለውን በረዶ በፈንጂ ያወርዱታል። እዚህ እንዲህ የሚያደርግላችሁ የለም። በርተድ ራሱ ድሮ፣ ከ1937 ጀምሮ፣ ሪዞርት ነበር። በኋላ ተዘጋ፣ ሊፍቱም ተነቀለ። አሁን የእግረኛ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን ተራራው ላይ የሚታደርባቸውን ጎጆዎች ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ብርድ አያስደነግጠኝም። የጎጆዎቹን ታሪክ ስሰማ ልቤን የነካው አንድ ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሥረኛው የተራራ ክፍለ ጦር የሚባል ነበር። ከ1942 ጀምሮ ወታደሮቹ በስኪ መዋጋት የተማሩት ኮሎራዶ ውስጥ፣ ካምፕ ሄል በሚባል ሸለቆ ነው። የሸለቆው ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃንም እዚያው አካባቢ ናት። በ1945 ጣሊያን ተራሮች ላይ ተዋጉ። ከተረፉት አንዱ ፍሪትዝ ቤኔዲክት የሚባል አርክቴክት ነበር። በ1980 በጓዶቹ ስም የጎጆ ማኅበር አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎጆዎች በ1982 ተሠሩ። ገንዘብ ካዋጡት መካከል የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ማክናማራ አለ፤ አንደኛዋ ጎጆ የምትጠራው በሟች ባለቤቱ በማርጂ ስም ነው። ዛሬ በዚያ ማኅበር በኩል አልጋ የሚያዝባቸው ጎጆዎች ከ30 በላይ ናቸው።

ጎጆ ስል የሣር ክዳን እንዳይመስላችሁ። ግንድ ላይ ግንድ ተጋድሞ የተሠራ፣ ሁለት ፎቅ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ የእንጨት ምድጃ ያለው ቤት ነው። ጠባቂ የለውም። እንጨቱን የምትፈልጡት እናንተ፣ ውኃውን በረዶ አቅልጣችሁ የምታገኙት እናንተ፣ ስትወጡ የምትጠርጉት እናንተ። አልጋ የሚከራየው በየራስ ስለሆነ ከማታውቁት ሰው ጋር ታድራላችሁ። ይሄን ነው የምወደው። ማታ እግሩን እሳቱ ላይ ዘርግቶ የተቀመጠውን ሰውዬ ጠዋት አታውቁትም ነበር።

አሁን አልጋ ማግኘት ከባድ ሆኗል። የማኅበሩ አባላት ለሚቀጥለው ክረምት ዕጣ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ዓመት ዕጣው ሲወጣልኝ እናቴ ጋ ደውዬ “እማዬ፣ ዕጣ ወጣልኝ!” አልኳት። እልልታዋን አቀለጠችው። ኮንዶሚኒየም መስሏት ነው። “አይ፣ ሁለት ሌሊት ተራራ ላይ የማድርበት ነው” ስላት ዝም አለች። ከዚያ “አንቺ ልጅ፣ ብርዱን እዚህ ጠግበሽ አልሄድሽም?” አለችኝ።

በ2019 ብሬክንሪጅ በምትባለው የስኪ ከተማ አጠገብ፣ ባልዲ በሚባለው ተራራ ጥግ አዲስ ጎጆ ተከፈተ። ሲስተርስ ካቢን ይባላል፤ 14 ሰው ያሳድራል። ያኔ ብዙዎቻችን “ተመስገን፣ ፍራንሲስ ካቢን ይቀለዋል” አልን፤ ፍራንሲስ እዚያው ብሬክንሪጅ አካባቢ ያለ፣ ሃያ ሰው የሚያሳድር ሌላ ጎጆ ነው። በዓመቱ ግን ወረርሽኙ መጣ። መጋቢት 2020 ላይ የኮሎራዶ ገዥ ሪዞርቶቹ ሁሉ እንዲዘጉ አዘዙ። ስኪ የለመደ ሕዝብ ቤቱ አይቀመጥም። ተራራው ክፍት ነው፣ በነፃ ነው፣ ንጹሕ አየር ነው። የባክካንትሪ ዕቃ ከየሱቁ አለቀ። የዚያ ዓመት ክረምት፣ ማለትም 2020 እና 2021 ላይ፣ በመላው አሜሪካ 37 ሰው በበረዶ ናዳ ሞተ። ከነዚህ 12ቱ እዚሁ ኮሎራዶ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልምድ ያላቸው ነበሩ፤ አዲስ መጤው ብቻ አይደለም። ይሄን የምጽፈው “ድሮ ጥሩ ነበር፣ እነዚህ ልጆች መጥተው አበላሹት” ለማለት እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

እኔም ላይ የደረሰው በዚያው ክረምት ነው።

ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነበርኩ። እንደ ታላቅ እህቴ የማያት፣ እትዬ የምላት ናት። የጠዋቱን የናዳ ትንበያ አንብበናል። ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ 3 ነበር። አብዛኛው ሰው የሚሞተው 5 በተባለበት ቀን አይደለም። 5 ሲባል ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል። 3 ሲባል ነው “እስቲ እንየው” የሚባለው። ከእኛ በፊት ብዙ ሰው ወጥቶበት ዱካው እንደ አስፋልት ደልድሏል። ተከተልነው። ዱካ ካለ ሰው አልፎበታል፣ ሰው ካለፈበት ደህና ነው ብለን። ከላያችን ሁለት ሰዎች መውረድ ጀመሩ። እታች መኖራችንን አላዩም፣ እኛም አላየናቸውም። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ከመሬት ሥር የመጣ፣ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድፍን ድምፅ። ከዚያ በረዶው እንደ ተሰነጠቀ ምጣድ መስመር አወጣና ተንቀሳቀሰ። እትዬን ጉልበቷ ድረስ ቀብሮ ቆመ። በእጄ ጭሬ አወጣኋት። እንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቆ ነበር፤ በረዶ ሆኖ።

ሰዎቹ ሮጠው መጡ። ወጣቶች ናቸው። ተንቀጠቀጡ፣ ይቅርታ ጠየቁን። አልተቆጣሁም። እኔም ከነሱ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ቢኮን፣ ማለትም የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ፣ ነበረን፣ አካፋ ነበረን፣ መፈለጊያ ዘንግ ነበረን። ሰው ሙሉ በሙሉ ከተቀበረ ግን ከ15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ነው የሚወርደው። ዕቃው ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው የሚረዳው።

ከዚያ ወዲህ በረዶ መቆፈር ተማርኩ። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም፣ ጣራ የሚደበድበውም በረዶ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ግን ስንት ዓይነት እንዳለ ታያላችሁ። የኮሎራዶ ችግሩ ሥሩ ነው። መጀመሪያ የሚጥለው በረዶ ስስ ነው፣ ሌሊቱ ደግሞ በጣም ይቀዘቅዛል። መሬቱ ሞቅ ያለ፣ አየሩ ብርድ፤ በሁለቱ መሐል ያለው በረዶ ቀስ በቀስ ይለወጥና እርስ በርሱ የማይያያዝ ፍሬ ይሆናል። ከግድግዳው ሥር እጄን ሰድጄ ዘገንኩት። ከጣቶቼ መሐል እየተንኳለለ ወረደ። ቂንጬ ነው። እጃችሁ ላይ ጨምቃችሁ ኳስ ልሥራ ብትሉት እምቢ ይላል። ከላዩ ሜትር ሙሉ ጠንካራ በረዶ ተቀምጧል። ሙሉ ቤት በቂንጬ ላይ ቆሞ አስቡት። አንድ ሰው ያልፋል፣ ሁለተኛው ያልፋል፣ አሥረኛው ያልፋል። አሥራ አንደኛው በረዶው የሳሳበት ቦታ ላይ ይረግጣል። የአሥሩ ዱካ ለአሥራ አንደኛው ምንም አይነግረውም።

ሰው ሲበዛ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ጫጫታው አይደለም፣ ሰልፉም አይደለም። ሰው በበዛ ቁጥር ዱካ ይበዛል፣ ዱካ በበዛ ቁጥር ሁላችንም ማሰብ እናቆማለን።

ስለዚህ አንድ ነገር ጀመርኩ። ወደ ጎጆ ስሄድ ጀበናዬን በሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ቡናውን ቤቴ ቆልቼ ወቅጬ ነው የምይዘው። ፍራንሲስ ካቢን ከፍታው ከ3,400 ሜትር በላይ ነው፤ ውኃ እዚያ ከ90 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ስለዚህ ጀበናው ቶሎ ቢገነፍልም ቡናው እስኪወጣለት ጊዜ ይፈልጋል። በረዶ ሲቀልጥ ደግሞ ድስቱ ሥር ትንሽ ውኃ ካልተውክለት ያራል፤ ያረረ በረዶ የሚሸተውን ሽታ አንዴ የቀመሰ አይረሳውም። ማታ ሁሉም እራቱን ከበላ በኋላ እጣራለሁ፦ “ቡና ጠጡ!” የማያውቁኝም ይመጣሉ። ሃያ ሰው ሆነን በስድስት ሲኒ እየተቀባበልን እንጠጣለን።

አቦሉ እያለቀ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ። ጥግ ጥጉን በሲኒ እይዘዋለሁ። ከዚያ ቆሎ አወጣለሁ። “ነገ በየት በኩል ናችሁ?” እላለሁ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የገብስ ፍሬ አንስቶ ነገ በሚሄድበት ቦታ ላይ ያስቀምጣል። አንዱ ፍሬ ከሌላው በላይ ከሆነ እንነጋገራለን፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ። ፍሬው ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ዳገት ላይ ካረፈ እንጠያየቃለን፤ ናዳ የሚነሳው በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ስለሆነ። ቶና እስኪደርስ ሃያው ሰው የሃያውን መንገድ ያውቃል።

አዲስ ጎጆ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክርም ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚያው ቡናው ላይ ነው። አንድ አረጋዊ፣ ከሰማንያዎቹ ጀምሮ እነዚህን ጎጆዎች የሚያውቁ፣ ከእንግዲህ አንድም መጨመር የለበትም አሉ። ጎጆ ከተሠራ መንገድ ይታወቃል፣ መንገድ ከታወቀ ሰው ይጎርፋል። በአንድ ነገር እውነታቸውን ነው። አንዴ በማለዳ ጎጆው ኋላ የሊንክስ ዱካ አይቻለሁ። ከኮሎራዶ ጠፍቶ ከ1999 ጀምሮ ተመልሶ የተለቀቀ የዱር ድመት ነው። መዳፉ የእጄን ያህል ሰፊ ነበር፣ በረዶው ላይ ሳይሰምጥ ሄዷል። ያ እንስሳ ጸጥታ ይፈልጋል፣ የሚሠራበት ቦታ ከመመረጡ በፊት እሱም ይታሰብ።

ግን እኔ በሩ ይዘጋ ማለት አልችልም። በ2014 የመጣሁት እኔ ለአንድ ሰው አዲስ መጤ ነበርኩ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ኦሎምፒክ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በስኪ ሲወዳደር ባላይ ኖሮ ስኪ የእኛ ሰው ነገር ነው ብዬ አላስብም ነበር። አዲስ ጎጆ ይሠራ። ብቻ ለስለስ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት፣ ጀማሪው ሳይሞት የሚማርበት ዳገት አጠገብ ይሠራ። ብሉበርድ የሚባል ሊፍት የሌለው ቦታ ነበር፤ በ2020 ተከፍቶ ለጀማሪዎች ባክካንትሪ የሚያስተምር። በ2023 ሲዘጋ አዘንኩ። እንደዚያ ዓይነት ቦታ ነው የጎደለን። ሰው መምጣቱን አያቆምም፤ የሚማርበት ቦታ ካጣ የሚማረው ከዱካ ነው።

ባለፈው ወር እዚያው ፍራንሲስ ነበርኩ። ሃያችንም አልጋ ሞልተናል። ሁለት ወጣቶች፣ ወንድና ሴት፣ የመጀመሪያ ጎጆአቸው ነው። ልጁ ቆሎዋን ከጎጆው በላይ ካለው ገደላማ ዳገት መሐል አስቀመጠ። “ዛሬ ስንመጣ እዚያ ላይ ስድስት ሰባት ዱካ አይተናል” አለ። ማንም አልተቆጣውም። እኚያ አረጋዊ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ “ልጄ፣ እኔም አይቼዋለሁ። ነገ ጠዋት አካፋ ይዘህ ከኔ ጋር ና፣ ሥሩን አሳይሃለሁ” አሉት።

ልጁ ካርታውን ትንሽ አየው። ከዚያ ልጅቷ እጇን ዘርግታ ፍሬዋን አነሳችና ወደ ታች፣ ዛፎቹ መሐል አመጣቻት። እኔ በረካውን ቀዳሁ።