«አስዩም» የሚለውን ግስ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሄድኩበት መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሚካሄድ የልጆች የስፖርት ፕሮግራም ወላጆች የሚፈርሙትን ቅጽ ወደ አማርኛ መልሼ ነበር። እንግሊዝኛው ወላጁ የጉዳትን አደጋ «አስዩም» (assume) ያደርጋል የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ እኔም ብዙ ሳላስብ «ወላጅ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ይገምታል» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ከተበተነ በኋላ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «እህቴ፣ እገምታለሁ ብዬ እንድፈርም ነው የሚለኝ። ልጅ እየሮጠ እንደሚወድቅማ ማን ያጣዋል? ግን ገምቼ ብፈርም ምን ይመጣብኛል?» አሉኝ። መልሱን ስነግራቸው ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሩ ልጅዎ ቢጎዳ ኪሣራው የእርስዎ ነው፣ እኛን አይጠይቁም ማለት ነበር። የእኔ አማርኛ ይህን ከእናትየዋ ሸሽጎ ነበር።

ስህተቱ የመጣው ለዚህ ግስ ከተማሪነቴ ጀምሮ አንድ ፍቺ ብቻ ይዤ በመኖሬ ነው፤ እሱም «መገመት» ነው። ነገር ግን መገመት በአማርኛ ሥራ ያለው ቃል ነው። የቤት ዋጋ የሚገምት ሰው ግድግዳውን አይቶ፣ ስፋቱን ለክቶ፣ ከሌላ ቤት ጋር አወዳድሮ ነው ቁጥር የሚናገረው። «አስዩም» የሚያደርግ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልለካም፤ ነገሩን እንዳለ ወስዶታል። ለአንዱ ቃል ፍቺ አድርጌ የያዝኩት ሌላው ቃል፣ ዋና ባሕርዩን በተመለከተ፣ ተቃራኒው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ይህን ግስ ባገኘሁበት ሁሉ ዓረፍተ ነገሩን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። መንገዱን የከፈተልኝ የቃሉ ሥር ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ «ወደ ራስ መውሰድ» ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ፊት «የተወሰደው ምንድን ነው?» ብዬ መጠየቅ ያዝኩ። የተወሰደው ሥልጣን ከሆነ አማርኛው ሥልጣን ያዘ ወይም ተረከበ ይላል። ዕዳ ከሆነም እንዲሁ መረከብ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ በፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ዋስትና የተሰጠባቸውን የቤት ብድሮች፣ አበዳሪው ከፈቀደ፣ ቤቱን የሚገዛው ሰው ከነወለዱ ከሻጩ ሊረከብ ይችላል፤ ውሉ ላይ የሚገኘውም ይኸው ግስ ነው። እዚህ ላይ «ይገምታል» የሚል ተርጓሚ ሰው የገባበትን ዕዳ እንዳያውቅ ያደርገዋል።

የተወሰደው መልክ ወይም ስም ሲሆን ደግሞ ቋንቋችን ከምጠብቀው በላይ ባለጠጋ ሆኖ አገኘሁት። ሰይጣን የብርሃን መልአክ «ይመስላል»፤ ማንነቱን የደበቀ ሰው በሌላ ስም «ይጠራል»። በእንግሊዝኛ የነገረ መለኮት ጽሑፎች ቃል፣ ማለትም ክርስቶስ፣ የሰውን ባሕርይ «አስዩም» አደረገ ሲሉ፣ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የሰማነው «ሥጋን ነሣ» የሚለው ነው፤ መንሣት ደግሞ በግእዝ መውሰድ ነው። ላቲኑና ግእዙ ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ መድረሳቸውን ሳይ ደስታዬ ልዩ ነበር። በዚያው ልክ ያዘንኩት በማሽን የተተረጎመ አንድ ጽሑፍ «የማርያም ግምት» ሲል ባየሁ ጊዜ ነው። የታሰበው ካቶሊካውያን በኦገስት 15፣ እኛ ደግሞ ነሐሴ 16 ቀን የምናከብረው የእመቤታችን ዕርገት ነበር፤ እንግሊዝኛው በዓሉን የሚጠራው ከዚሁ ግስ በወጣ ስም ነው፤ ወደ ሰማይ መወሰዷን ሲል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታን ለሚጾም ሰው «ግምት» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብደው አስባለሁ።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ ግን የተለመደው ፍቺ፣ ማለትም ሳያረጋግጡ እውነት አድርጎ መያዝ ነው። ለዚህ አማርኛ ያለውን ያስተዋልኩት በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በገዛ ቤቴ ነው። ማታ ዘግይቼ ስገባ እህቴ ምግቡን አንሥታ ኖሮ «የበላሽ መስሎኝ» አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ቆመ፤ ሳትጠይቅ መውሰዷም፣ መሳሳቷም፣ ይቅርታዋም በዚያች «መስሎኝ» ውስጥ ነበሩ። «የበላሽ መሰለኝ» ብትል ኖሮ ገና እርግጠኛ አለመሆኗን ብቻ ነበር የምትነግረኝ። በእንግሊዝኛም ግሱ በኃላፊ ጊዜ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ነገሩ እንደታሰበው አለመሆኑን ይጠቁማል፤ ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ ደብዳቤውን የላክሁት መስሎት ቆይቶ በእንግሊዝኛ ሲጽፍልኝ «የላክሽው መስሎኝ ነበር» ብዬ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፤ «ልከሻል ብዬ ገመትኩ» ከተባለ ሰውየው ያልሠራው ስሌት ይጨመርለታል።

ይሁን እንጂ «መስሎኝ»ም ሁልጊዜ አያዋጣም። አንድ ምስክር ሰውየው ቁልፍ እንዳለው «አስዩም» አድርጌ ነበር ቢል፣ እንግሊዝኛው ቁልፍ መኖር አለመኖሩን ሳይቆርጥ ሊተወው ይችላል፤ «ቁልፍ ያለው መስሎኝ» ከተባለ ግን ሰሚው ቁልፍ አልነበረውም ብሎ ይረዳል። እንዲህ ባለ ቦታ «ቁልፍ ይኖረዋል ብዬ ነው» የሚለው ይሻላል፤ ምክንያቱን ይናገራል እንጂ ፍጻሜውን አይናገርም። አስተርጓሚ በአንዲት የግስ መጨረሻ የምስክርን ቃል ሊለውጥ እንደሚችል በዚህ ተረዳሁ።

የ«አስዩም» የቅርብ ዘመድ «ፕሪዝዩም» (presume) ግን ፊት ቀድሞ መውሰድ ሲሆን፣ አንዳች መነሻ ያለው ነው። ጋዜጠኛው ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1871 በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር በኡጂጂ አሳሹን ሊቪንግስተንን ሲያገኝ ተናገረው በሚባለው ሰላምታ ውስጥ ያለው ግስ ይህ ነው፤ በዚያ ስፍራ ሌላ አውሮፓዊ ይገኛል ብሎ ለማሰብ ምክንያት አልነበረውምና «ዶክተር ሊቪንግስተን ሳይሆኑ አይቀሩም» ማለት ያስኬዳል። በሕግ ደግሞ፣ እንግሊዝኛው ተከሳሽ ንጹሕ እንደሆነ «ፕሪዝዩም» ይደረጋል ስለሚል፣ ጉዳዩ ይከብዳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ሲደነግግ «መቁጠር» የሚለውን ግስ ነው የመረጠው። ምርጫው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዳኛ ተከሳሹን ንጹሕ ነው ብሎ እንዲገምት አይደለም የሚጠበቀው፤ የግል ግምቱ ምንም ይሁን ምን እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጥረው ነው። በሌላ በኩል «ፕሪዝዩም» ድፍረትንም ያመለክታል፤ «ላስተምርዎ ብዬ አልደፍርም» በሚለው ውስጥ ያለውን መድፈር ማለት ነው።

ወደ «አስዩም» ስመለስ፣ የሒሳቡ «እንበል» እና የዕቅድ ሰነዶች «ታሳቢ» ብዙም አላስቸገሩኝም። ሰውን ወይም ጸጋን እንዳለ ወስዶ ቸል ማለትን በተመለከተም «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት አለን፤ እዚያም «መቁጠር» ነው ያለው።

ያንን ቅጽ በራሴ ጊዜ እንደገና ተርጉሜ ለአዘጋጆቹ ላክሁ። አሁን «ልጄ ጉዳት ቢደርስበት ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ይላል። ለደወሉልኝ እናት በስልክ ሳነብላቸው ጥቂት ዝም አሉና «አሁን ገባኝ፤ እንግዲያው ከአባቱ ጋር ሳንመክር አልፈርምም» አሉኝ።