የኮምባይነር መለዋወጫ የምገዛው እንዲህ ነው

ከወንድሜ ጋር ያገለገለ የጀርመን ሥሪት ክላስ ዶሚኔተር ኮምባይነር አለን። አርሲ ላይ ጀምረን እስከ ባሌ እየዘለቅን በኩንታል እያስከፈልን እናጭዳለን። ሰው ስለዚህ ሥራ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሚያነሳው የማሽኑን ዋጋ ነው። ዋጋው ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። የማያልቀው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው።

የደረሰ ስንዴ አይጠብቅም። ይረግፋል። ዝናብ ካገኘው ይተኛል፣ ሲብስም እዚያው ዛላው ላይ ያቆጠቁጣል። ገበሬው "ማሽኑ ተበላሽቷል" ስትለው ያዝንልሃል። በማግስቱ ግን ሌላ ኮምባይነር ይጠራል። አይፈረድበትም። ለእኛ ደግሞ የዓመቱ ገቢ ያለው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። በአንዲት ርካሽ ዕቃ የተነሳ ማሳ ላይ መቆም የሚያንገበግበው ለዚህ ነው።

ነገሩን የቀየረልኝ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ያጋጠመኝ ነገር ነው።

"የምን ዕቃ ነው ወንድሜ?"
"የኮምባይነር ኩሽኔታ።"
"ኮምባይነር እኛ ጋ የለም። የመኪና ብቻ ነው።"

አሮጌውን ኩሽኔታ፣ ዘንግ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገውን ባለ ኳስ የብረት ቀለበት፣ ከኪሴ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ልጁ አንስቶ ጠርዙን በጨርቅ ጠረገና ወደ ብርሃን አዞረው። "6206? ይሄማ ሞልቷል! መጀመሪያ እንዲህ አትልም?" አለኝ። ሁለት ሱቅ ቀደም ብዬ "ልዩ ዕቃ ነው፣ ይታዘዛል" ተብዬ ነበር።

አሰላ ያሉት መካኒካችን ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። "ኩሽኔታ ኮምባይነር ውስጥ ይሁን ወፍጮ ውስጥ ምን ያውቃል?" አሉ ጋሼ። ከዚያ በኋላ በማሽኑ ስም መጠየቅ ተውኩ። በቁጥርና በልክ ነው የምገዛው።

ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው። ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ስታባዛ የውስጥ ቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር ይወጣል። 6205 ማለት 25፣ 6206 ማለት 30፣ 6208 ማለት 40 ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ "2አርኤስ" የሚል ካለ በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን አለው ማለት ነው። "ዜድዜድ" ከሆነ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። የስንዴ አቧራ ዱቄት ስለሆነ በየቀዳዳው ይገባል። ስለዚህ እኔ የጎማውን ነው የምመርጠው። አንድ ጥንቃቄ አለ። "ዩሲ206" የሚባለውም ውስጡ 30፣ ውጩ 62 ሚሊሜትር ነው፤ ልክ እንደ 6206። ነገር ግን የውጭ ገጹ እንደ ኳስ የጎበጠ ነው። የአንዱ ቤት፣ ማለትም ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ማቀፊያ፣ ለሌላው አይሆንም። ስልክ ላይ "206" ብቻ ብለህ ካዘዝክ የትኛው እንደሚላክልህ አታውቅም።

ቺንጋ ላይ፣ ማለትም ፑሊዎቹን በሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ላይ፣ ብዙ ሰው ይሸወዳል። "ቢ" የሚባለው የላይ ወርዱ 17 ሚሊሜትር ነው፣ "ሲ" ደግሞ 22። "ቢ 100" ማለት የውስጥ ዙሪያው 100 ኢንች፣ ማለትም 2540 ሚሊሜትር ነው። ችግሩ አንዳንዱ ፋብሪካ የውስጡን ዙሪያ ሲጽፍ ሌላው የውጩን ይጽፋል። በቢ ዓይነት ቺንጋ የሁለቱ ልዩነት ወደ 70 ሚሊሜትር ይጠጋል። መወጠሪያው ይህን ሁሉ ላይችለው ይችላል። አሮጌውን መለካትም አያስተማምንም፣ ምክንያቱም ተለጥጧል። እኛ መወጠሪያውን እስከ መጨረሻው እናላላና ሲባጎ በፑሊዎቹ ላይ አዙረን እንለካለን። ቺንጋው ጥንድ ከሆነ ደግሞ አንዱ ብቻ ቢበጠስም ሁለቱንም ነው የምንቀይረው። አዲሱና የተለጠጠው ጎን ለጎን ሲዞሩ ጭነቱን አዲሱ ብቻውን ይሸከምና ቶሎ ያልቃል። ቢና ሲ ቺንጋ ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም። ወፍጮ በዚሁ ቺንጋ ስለሚዞር የወፍጮ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ አይጠፋም።

ይህ ዘዴ የማይሠራባቸው ዕቃዎች አሉ። ፍጥነት የሚቀይረው ሰፊው የቫሪያተር ቺንጋ አንዱ ነው። እሱን በክፍል ቁጥሩ ኦሪጅናሉን ማዘዝ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ነው ብሎ የሚያሳምንህ ነጋዴ አይጠፋም፤ አትስማው።

ሌላው የመውቂያው ድራም ነው። የእኛ ማሽን ድራም ዲያሜትሩ 450 ሚሊሜትር ነው፣ ስንዴ ላይ በደቂቃ 1000 ዙር ገደማ ይዞራል። ላዩ ላይ የታሰሩት ባለ ጥርስ ብረቶች ሲያልቁ ፍሬው ሳይወቃ ከገለባው ጋር ይወጣል። ጎረቤት ያለ በያጅ "ሞልቼ በርካሽ እሠራልሃለሁ" ብሎኝ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሌላ ሥራ ሁሉ እሱ ጋ ነው የምወስደው። ይህን ግን እምቢ አልኩ። በዚያ ፍጥነት አንዱ ብረት ከትይዩው በ200 ግራም ቢከብድ ድራሙን ወደ አንድ ጎን በ50 ኪሎ ኃይል እንደመጎተት ነው። መጀመሪያ ኩሽኔታው፣ ቀጥሎ ዘንጉ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ስንገዛ በሚዛን እያስመዘንን እኩል የሚመዝኑትን ፊት ለፊት እናስራለን። ጥርሳቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተጋደመ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ተራቸውንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ሻጩ ሚዛን አምጣ ስትለው ግር ይለዋል፣ ግን ያመጣል።

እዚሁ የሚሠራው ደግሞ ከሚገመተው በላይ ነው። ቡሽና አጫጭር ዘንጎች ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ይሠራሉ። የሃይድሮሊክ ቱቦ አሮጌውን ይዘህ ከሄድክ በልኩ ቆርጠው ይገጥሙልሃል። ከሁሉም የገረመኝ ገለባ የሚያራግፈው ክፍል ነው። ዘንጉ የሚዞርበት ቋት ብረት እንዳይመስላችሁ፣ እንጨት ነው! ጀርመኖቹ ራሳቸው በዘይት የተነከረ ጠንካራ እንጨት ነው የገጠሙበት። አናጢ ወንድማችን ጋ ወስደን ከደረቀ ወይራ አስጠረብን፣ በሞቀ ዘይት ውስጥ አሳደርነውና ገጠምነው። እስካሁን ድምፁ አልተሰማም።

የማጨጃ ቢላ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ርካሽ ነው፣ ብዙ ያዙ። በሪቬት የተመታውን ግን ወደ ቡሎን ቀይሩት። ማሳ መሃል በመዶሻ ሪቬት ከመምታት በመፍቻ መፍታት ይሻላል።

ተጨማሪ መግጠሚያዎችን በተመለከተ ከማሽኑ ጋር የመጣው ሁሉ ለእኛ አገር አይሆንም። ከኋላ የነበረውን ገለባ መቆራረጫ ፈትተን አስቀምጠነዋል። ገበሬው ገለባውን ለከብቱ ይፈልገዋል። ቆራርጠህ ማሳው ላይ ብትበትንበት በሚቀጥለው ዓመት ደጁንም አትረግጥ። በአንጻሩ የተኛ ሰብል የሚያነሱት፣ የቢላው ጣቶች ላይ የሚታሰሩት ረጃጅም ብረቶች ዋጋቸውን መልሰውልናል። የተኛ ገብስ ያለበት ማሳ ሌሎች ኮምባይነሮች ትተውት ሲያልፉ እኛ እንገባለን። የበቆሎ መግጠሚያ ለመግዛት ወንድሜ ይጓጓል። እኔ ዋጋውን ሳየው ለአሁኑ ይቅር ብያለሁ።

መቼ ይገዛ ለሚለው መልሴ ክረምት ነው። ድሮ ከጥር በኋላ ማሽኑ ቆሞ ስለሚከርም ጊዜ ነበር። አሁን በመስኖ የሚለማው የበጋ ስንዴ መጥቷል። ከመጋቢት በኋላ ቆላ ወርደን እናጭዳለን። ሥራው ጥሩ ነው፣ ግን ለጥገና የሚተርፈው ክረምቱ ብቻ ሆኗል። ሰኔ ላይ ክዳኑን ሁሉ ከፍተን፣ አጥበን፣ የእያንዳንዱን ኩሽኔታና ቺንጋ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍን። ደብተር ይጠፋል ብዬ በክዳኖቹ የውስጥ ገጽ ላይም በነጭ ቀለም ጻፍኩት። አሁን ኦፕሬተሩ ከማሳ ሲደውል "ያ ትንሹ ከታች ያለው" አይለኝም፤ ክዳኑን ከፍቶ ያነብልኛል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ያኔ የጠየቅነው ዋጋ ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመኸር የተረፈ ገንዘብ ካለን ባንክ ከሚተኛ የሚያልቁትን ዕቃዎች ገዝተን እናስቀምጣለን። ጎማ ነክ የሆነው ግን ብዙ ዓመት አይከማችም። ፀሐይና ናፍታ ከነካው ሳይሠራ ይሰነጣጠቃል። ጨለማ ቦታ ሳይታጠፍ ተሰቅሎ ነው መቀመጥ ያለበት።

የዘንድሮው የቫሪያተር ቺንጋ ታዟል። ወንድሜ አንድ መጠባበቂያ ይበቃል ይላል፤ እኔ ሁለት ካልሆነ ባሌ አልሄድም ብያለሁ።