ከባይኮይድ ጋር ሦስት ሳምንት

ስለ ፅንስ እድገት ማንበብ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ እስካሁን አንዲት ፕሮቲን አልፌ መሄድ አልቻልኩም። ስሟ ባይኮይድ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ፅንስ ጭንቅላቱን በየትኛው ጫፍ እንደሚያወጣ የምትወስነው እሷ ናት።

መጀመሪያ ቀን ደብተሬ ላይ «ባይኮይድ ካለች ጭንቅላት፣ ከሌለች ጅራት» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ተሸወድኩ። ቁም ነገሩ መኖሯ ብቻ ሳይሆን መጠኗ ነው። እናቲቱ እንቁላሉን ስትሠራ የባይኮይድን ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲኗ የምትሠራበትን የጂን ቅጂ መልእክት) ፊተኛው ጫፍ ላይ አስራ ታስቀምጠዋለች፤ እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ፕሮቲኗ እዚያ ትመረትና ወደ ኋላ እየሳሳች ትሰራጫለች፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ኒውክለሶቹ (ጂኖቹን የያዙት የሕዋስ አስኳሎች) በአንድ ከረጢት ውስጥ ናቸው፣ 13 ጊዜ እስኪከፋፈሉ ድረስ በመካከላቸው ግድግዳ የለም። በቂ ባይኮይድ ያገኘ ኒውክለስ ሃንችባክ የተባለውን የፊት አካል ጂን ያበራል። እግረ መንገዷን ደግሞ ኮዳል የሚባለው የኋላ ፕሮቲን ፊት ላይ እንዳይመረት ታግዳለች። ሁለት ሥራ ደርባ ትሠራለች ማለት ነው።

የገባኝ ስስለው ነው። እንቁላሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 200 እጥፍ አጉልቼ በካሬ ወረቀት ላይ 10 ሳንቲሜትር አደረግኩት። የባይኮይድን መጠን የሚያሳይ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚወርድ መስመር ሳልኩ፣ «ሃንችባክ እዚህ ይበራል» የሚል አግድም መስመር ጨመርኩ። ከዚያ የባይኮይድን መጠን እጥፍ አድርጌ ደገምኩት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ወደ ኋላ ሸሸ! ተመራማሪዎቹ ድሪቨርና ኑስላይን-ፎልሃርድ በ1988 እ.ኤ.አ. በእውነተኛ ዝንብ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ እናቲቱ ተጨማሪ የጂኑ ቅጂ ሲኖራት የጭንቅላቱ ድንበር ወደ ኋላ ይገፋል።

ሁለቴ የተሳሳትኩት መልመጃ ግን ሌላ ነው። እናት ሁለቱም የባይኮይድ ጂኖቿ የተበላሹ ቢሆኑና አባት ጤነኛ ቢሆን ፅንሱ ምን ይሆናል? እኔ «ከአባቱ ስለወረሰ ይተርፋል» አልኩ። አይተርፍም። ጭንቅላትም ደረትም አይኖረውም፣ ፊቱ ላይ የጅራት ጫፍ ያበቅላል። የፅንሱ የራሱ ጂን እዚህ ላይ አይጠየቅም፤ የሚታየው የእናቱ ነው። ይልቅ ከጤነኛ እንቁላል ፊተኛ ጫፍ የተቀዳ ፈሳሽ በመርፌ ቢሰጠው ይሻለው ነበር። ፈሳሹ መሃሉ ላይ ከተወጋ ግን የጭንቅላት ክፍሎች መሃል ላይ ይወጣሉ፣ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ትንኝ ባይኮይድ የላትም አሉ፣ ጭንቅላት ግን አላት። ቀጣዩ ሳምንቴ እሷው ናት።