ሰማዩን አትንኩት

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ!

ትናንት በውሃ ቀለም የበዓል ካርድ ልሥልላችሁ ተቀምጬ ነበር። ሰማዩ ከፊሉ ሳይደርቅ እርጥብ ብሩሽ መልሼ አስነካሁት። አለቀ! ውሃው ቀለሙን ወደ ዳር ገፍቶ ጠርዙ የተሸራረፈ እድፍ ጣለብኝ። የዘይት ቀለም ቢሆን ደርቤ እሸፍነው ነበር። የውሃ ቀለም ግን ብርሃኑ ከሥሩ ካለው ነጭ ወረቀት ነው፤ በተደረበ ቁጥር ይደፈርሳል። ካርዱ ቀረና ይቺ ጽሑፍ መጣችላችሁ።

የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ማኅበር የተጀመረው በኩርፊያ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩ። የለንደኑ የሥነ ጥበብ ተቋም ሮያል አካዳሚ በውሃ ቀለም ብቻ የሚሠራን ሰው አባል አያደርግም ነበር። ኤግዚቢሽን ላይም ሥራቸው ከትልልቅ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ጋር ይሰቀልና ይዋጣል። እናም በ1804 እ.ኤ.አ. አሥር ሰዎች በቃን ብለው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በዓመቱ ኤግዚቢሽን ሲከፍቱ ወደ 12 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከፍሎ ገባ። እንዲህ የሚያፈራ ኩርፊያስ ይብዛ!

ከዚያ ነገሩ በየአካባቢው ተዛመተ። ስኮትላንዶች በ1876 የራሳቸውን መሠረቱ። እኔ ልቤ የሚያደላው ግን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ላይ ለተቋቋመው ለካሊፎርኒያው ማኅበር ነው። ሥራን በየጊዜው ለሕዝብ ማሳየት፣ የውሃ ቀለም ለሌላ ሥዕል መለማመጃ ሳይሆን ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን ማስመስከር፤ ዓላማው ይኸው ነው። በ1930ዎቹ የካሊፎርኒያዎቹ ሠዓሊዎች እነ ሚላርድ ሺትስ ትልልቅ ወረቀት ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ኮረብታውን፣ ወደቡን፣ መንገዱን በሰፊ ብሩሽ ይሥላሉ፤ ነጩን ወረቀት ሆን ብለው ይተዉታል። ያ ድፍረታቸው ዛሬም ያስቀናኛል። የአንድ ክልል የነበረው ማኅበር በ1975 ስሙን ቀይሮ አገር አቀፍ ተባለ።

ለእኔ ግን የማኅበር ትልቁ ጥቅም ኤግዚቢሽኑ አይመስለኝም። የውሃ ቀለም ከባዱ ነገር የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ነው። ከኋላ ቆሞ «ተው፣ በቃ፣ አትንካው!» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ይህን ስትሉኝ የከረማችሁት እናንተ ናችሁ። ያልጨረስኩትን እልካለሁ፣ «ጨርሰሃል» ትሉኛላችሁ። አንዳንዴ ተናድጄባችኋለሁ፤ በኋላ ሳየው ግን ልክ ነበራችሁ።

ትናንት ነው እንግዲህ ሳልጠይቃችሁ የቀረሁት። ዛሬ አዲስ ወረቀት ወጥሬያለሁ። ሰማዩ እየደረቀ ነው፤ ብሩሹንም ከአጠገቤ አርቄዋለሁ። መልካም በዓል!